አራተኛው ብርጭቆ

ኢንስፔክተር ሙሀመድአወል የሎሚ ሽታ አይወድም። ይህን ቡታጅራ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ሬሳ ሲያገላብጥ ቅንድቡ የማይነቃነቅ መርማሪ ሎሚ ሲሸተው ሆዱ ይገላበጣል ቢባል የጣቢያው መሳቂያ መሆኑ ስለማይቀር እሱም ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የዘመድኩንን አዲስ ቤት የብረት በር አልፎ ሲገባ ግን የተቀበለው ሎሚ ብቻ አልነበረም። ሎሚ፣ ስኳር፣ ትውከትና ፀሐይ የመታው ቅቤ ተደባልቀው፣ ከሁሉም ስር ደግሞ ስም ያላገኘለት ሌላ ሽታ ነበር። መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ።

ትናንት እሁድ እዚህ ግቢ ውስጥ የቤት ምረቃ ነበር። ዘመድኩን አዲስ አበባ በንግድ የከበረ፣ ቆሼ በኩል ደግሞ የበርበሬ እርሻ ያለው ሰው ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ቤቱን ጨርሶ የከተማውን ትልልቅ ሰዎች ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ጠርቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንግዶቹ እየተከታተሉ ማስመለስ ጀመሩ። ዛሬ ንጋት ላይ የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሰይዶ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ሌሎች አስራ አንድ ሰዎች አሁንም ተኝተዋል።

"ከእንግዶቹ ሙስሊሞቹ ብቻ ናቸው የታመሙት" አለ ሳጅን ራምዚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ገበያው ውስጥ ወሬው ተነስቷል።"

"ምን ይላል ወሬው?"

"ጠርተው መርዝ አጠጧቸው ነዋ። ሌላ ምን ሊል ነው።"

ሙሀመድአወል ለድግሱ ወደተተከለው ድንኳን ገባ። ምንጣፉ ላይ ትውከቱ ደርቆ ቅርፊት ሰርቷል፤ ዙሪያውን ዝንብ ሰፍሮበታል። እጁን ቢያወዛውዝ ዝንቦቹ አልተነሱም። ጎንበስ ብሎ አያቸው። ሁሉም ሞተዋል። በህይወቱ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቷል፤ ዝንብ የሚገድል ትውከት ግን አይቶ አያውቅም ነበር።

ዘመድኩን ወጥ ቤት ውስጥ ጠበቀው። ደረቱ የሰፋ፣ ፀጉሩን ያጠቆረ፣ ሲያወራ ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ነው። ሚስቱ ሃኒ ከጎኑ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

"ኮክቴል ነው የሰራነው" አለ ዘመድኩን። "ሩቲ፣ የባለቤቴ የእህት ልጅ፣ አዲስ አበባ ሆቴል ባር ላይ ነው የምትሰራው። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዝንጅብልና ናና። አንዱን በጂን፣ አንዱን ያለ ጂን። ሙስሊም ወንድሞቻችን ሳይሳቀቁ እንዲጠጡ ዕቃውን ጭምር ለየንላቸው። አክብረን ነው፣ ኢንስፔክተር።"

"የትኞቹ ዕቃዎች ናቸው?"

ጠረጴዛው ላይ ጂኑ የተረፈበት ትልቅ የመስታወት ሳህን ነበር። ሁለት ዝንቦች ይዋኙበታል፤ በዚያ ቤት ያን ዕለት ጠዋት ደስተኛ የነበሩት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሳህኑ ጎን ደግሞ ወገብ የሚደርስ የአሉሚኒየም ድስት ቆሟል። ከስሩ አንድ ጋት የሚሆን ብርቱካናማ ነገር ቀርቷል፤ ቀለሙ ነጣ ብሏል።

"ይኼ ነው የነሱ" አለ ዘመድኩን። "አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር።"

ራምዚ ለምርመራ የሚላከውን በጠርሙስ ቀድቶ የቀረውን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠው። ሙሀመድአወል ባዶውን ድስት ወደ ብርሃን አዘነበለ። ስሩ እንደ መስታወት ያበራል። ከአንድ ጋት በላይ ያለው ግድግዳ ግን ከዓመታት ፍል ውሃ የጠቆረ፣ ግራጫ ነው። ብሩህና ጥቁር የተለዩበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አየውና አስቀመጠው፤ ሽታው አላስቆም አለው።

"እርስዎ ከየትኛው ጠጡ?"

"እኔማ የጂኑን።"

"ይኼኛውን ማን ሰራው?"

ባልና ሚስቱ ተያዩ። "ባሂራ" አለች ሃኒ። "ሰራተኛችን። ሙስሊም ስለሆነች በእጇ ይሰራ ብለን ለሷ ለቀቅንላት። እንደ ልጄ ነበር የማያት። ማታ አጥተናት ንጋት ላይ ስንፈልጋት ክፍሏ ውስጥ ወድቃ አገኘናት። ለካ ራሷም በኋላ ጠጥታዋለች። ጸጸት ይዟት ይሆናል።"

እንደ ልጇ የምታያት ልጅ ክፍል ከዶሮ ማደሪያው ጋር ግድግዳ ይጋራል። መስኮት የለውም። ራምዚ ፍራሹን ሲያነሳ ከስሩ ባዶ የተባይ ማጥፊያ ጠርሙስ ወጣ።

ዘመድኩን ከበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ሰው መወንጀል አልወድም" አለ፣ ሰው ሊወነጅል የተዘጋጀ ሰው ሁሉ እንደሚለው። "ግን አባቷና ሐጂ ሰይዶ በመሬት ተካሰው ነበር። እዚያው ቆሼ።"

እጁን ሙሀመድአወል ትከሻ ላይ አሳረፈ። ኢንስፔክተሩ ዝቅ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ፤ ማሰሪያው ግን አልተፈታም ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከእያንዳንዱ ታማሚ አልጋ አጠገብ አንድ አንድ ፌስታል ብርቱካን ተቀምጧል። አስራ አንድ አልጋ፣ አስር ፌስታል። ሙሀመድአወል ከየት እንደመጣ ጠየቀ።

"ከነዘመድኩን ቤት ነው የተላከው" አለች ዶክተር አደይ። የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ ስትደክም ነገር ታሳጥራለች። "ብርቱካን ያሳመመውን ሰው በብርቱካን መጠየቅ። እኔ ለማንም እንዳይሰጥ ብያለሁ።"

ፌስታል የሌለው የባሂራ አልጋ ነው። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ራሷን ስታለች፤ በአፏ ጠርዝ ምራቅ ይወርዳል፤ ግራ እጇ በካቴና ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። በር ላይ ፖሊስ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

"እየው" አለች አደይ የልጅቷን ዓይን በጣቷ ገልጣ። "ብሌኗ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች። ላብ፣ ምራቅ፣ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ። ሁሉም ላይ ያው ነው። በርበሬ ማሳ ላይ የሚረጨው የተባይ ማጥፊያ ነው።"

"ትድናለች?"

"ዛሬን ካለፈች።"

"መቼ ነው ያመጧት?"

"ከሁሉም መጨረሻ፣ ንጋት ላይ። የታመመችው ግን ከሁሉም ቀድማ ሳይሆን አይቀርም። ቀሚሷ ላይ የነበረው ትውከት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በራሷ ትውከት ላይ ተኝታ ነው ያደረችው።"

ከዶሮዎቹ ጎን፣ አለ ሙሀመድአወል በልቡ። ሃኒ ግን ባሂራ የጠጣችው በኋላ ነው ብላለች። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈና ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

በቀጣዩ አልጋ ላይ የሐጂ ሰይዶ ባለቤት ሃሊማ ተኝተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ልጅቷ አዙረዋል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሃሊማ። አላህ ይርሐማቸው።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። አሚን።" ድምፃቸው ደርቋል።

"ስንት ጠጡ?"

"እኔ ግማሽ ብርጭቆ። እሱ አራት።"

"አራት?"

"አራት። ሸተተኝ። ቀና ብዬ ሳየው የሱም ፊት ተኮማትሯል። በጆሮው፣ ተወው አልኩት። ዕቃ ለይተው፣ ለኛ ብለው የሰሩትን እንዴት እተወዋለሁ፣ ነውር ነው አለኝ። አንዱን ጨለጠና፣ በጣም ጥሩ ነው አላቸው። ጥሩ ነው ሲል ቀዱለት። ደግሞ ጥሩ ነው አለ። ደግሞ ቀዱለት።"

"ሌሎቹስ?"

"ትልቁ ሰው እየጠጣ ማን ይተዋል፣ ልጄ?"

"መልኩ እንዴት ነበር?"

"ነጣ ያለ ነው። ወተት ጠብ ያለበት መስሎኝ ነበር።"

"የቀዳችላችሁ ይህቺ ልጅ ናት?"

ሃሊማ ዞር አላሉም። "መጀመሪያ ላይ አንዴ ጆግ ይዛ ወጥታለች። ላብ አጥምቋት ነበር። እንግዳ ፈርታ ነው ብያለሁ። ተመልሳ ገባች፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። የቀዳችልን ሱሪ የለበሰችው የአዲስ አበባዋ ናት።"

"ከአባቷ ጋር የነበረው የመሬት ክስ..."

"እሱ ካቻምና በሽማግሌ አልቋል። ይህችን ልጅ እዚያ ቤት ስራ ያስገባት ሰይዶ ራሱ ነው፤ ታርቀናል ለማለት።" አንሶላውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "አሁን ደግሞ ገደለችው ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ።"

ሙሀመድአወል መናገር የቻሉትን ሁሉ አልጋ በአልጋ እየዞረ ጠየቀ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሰጡት፦ ሸቶኝ ነበር፣ ግን። አንዱ የባለቤቱን ፊት አይቶ ነው። አንዱ ሐጂን አይቶ ነው። አንዷ ወደ አበባው መደብ ልታፈስ ስትል ሃኒ ስለመጣችባት ዋጥ አድርጋ "ይጣፍጣል" ብላለች። አስር ሰው ሸቶት አስር ሰው አመስግኖ የጠጣውን ነገር ሲጽፍ ኢንስፔክተሩን ከትውከቱ በላይ ይህ አቅለሸለሸው። እሱም ቢሆን እዚያ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይጠጣ እንደነበር ያውቃል፤ ያ ደግሞ ይብስ አስጠላው።

የጣቢያው አዛዥ ግን ለዚህ ሁሉ ጊዜ አልነበረውም። "ጠርሙሱ ተገኝቷል፣ ቂሙ ተገኝቷል፣ ልጅቷ ተገኝታለች። ሙስሊም ሆና ሙስሊሞችን ከመረዘች የገበያው ወሬም ይበርዳል። ምን ቀረህ?"

"የታመመችበት ሰዓት አልገጠመልኝም።"

"ነገ ስምንት ሰዓት ድረስ ሌላ ሰው ካላመጣህ መዝገቡ በስሟ ይከፈታል። ብትሞትም በስሟ ይዘጋል።"

ብትሞትም። ሙሀመድአወል ይህን ቃል ይዞ ወጣ። ብትሞት ነፍሰ ገዳይ ተብላ ነው የምትቀበረው። ቆሼ ያለው አባቷም ካሁን ወዲያ የሰይዶን ዘመድ ዓይን አያይም፤ ወይም ይባስ ብሎ የሰይዶ ዘመድ እሱን ያየዋል።

ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጥ ፈቲሀ የምትባል ሴት አለች። በዚያ ሰፈር ሎሚ ከሌላ ሰው አይገዛም።

"አዎ፣ ከኔ ነው የገዙት" አለች፣ ገና ሳይጨርስ። "ግን የኔ ዕቃ ንጹህ ነው፣ ወላሂ። ልጆቼም በልተውታል።"

"አውቃለሁ። ማን ነው የገዛው?"

"ቀጭኗ የአዲስ አበባ ልጅ። እሁድ አራት ሰዓት ላይ መጣች፣ ብርቱካኑንም መንደሪኑንም ሎሚውንም በሳጥን አስጫነች። ከዚያ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እየሮጠች ተመለሰች። ያለሽን ሎሚ ሁሉ ስጪኝ አለችኝ። አንቺ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ሎሚ ይጎመዝዛል ስላት፣ ይጎምዝዝ አለች።"

"ሌላ ነገር አስተዋልሽ?"

ፈቲሀ አፍራ ሳቀች። "ትተፋ ነበር። ቆማ እስክመዝንላት ሦስት አራት ጊዜ ተፋች። እርጉዝ ናት ብዬ ነበር።"

ሙሀመድአወል ምሳውን አዝዞ አልበላም። ክትፎው ቀርቦለት በሳህኑ ዙሪያ የሚረጋውን ቅቤ እያየ ተቀመጠ። ከጓዳ የብረት ድስት ሲፋቅ ይሰማል፤ ከድምፁ ጋር የሎሚ ሽታ መጣ። ሃሳቡ በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ ሄደ። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት፣ ከጉንችሬ አዲስ አበባ በሄደበት ዘመን፣ ሁለት ዓመት አንድ ክትፎ ቤት ዕቃ አጥቧል። በየቀኑ የጠቆረ የአሉሚኒየም ድስት በተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ሲፈትግ ይውል ነበር። ቅባትና ሎሚ፣ ሎሚና ቅባት። ሎሚ የጠላው ያኔ ነው።

ሎሚ የነካው አሉሚኒየም ይነጣል። ጥቂት ሰዓት ብቻ ይበቃዋል።

የዘመድኩን ድስት ግን የነጣው አንድ ጋት ብቻ ነው። አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቢውል ኖሮ እስከ አፉ ድረስ ባበራ ነበር። ይህ ድስት ከአንድ ጋት በላይ ኮክቴል ይዞ አያውቅም። የተረፈውን አንድ ሰው ከሌላ ዕቃ ገልብጦበታል፤ እውነተኛው ዕቃ ደግሞ እንዳይታይ ተደርጓል። ሙሀመድአወል ያልበላውን ከፍሎ ተነሳ። የክትፎ ቤቱ ባለቤት ምን አጠፋሁ ብላ እስከ በሩ ተከተለችው።

"የት ነው የምንፈልገው?" አለ ራምዚ፣ ጣቢያ ሆኖ ነገሩን ከሰማ በኋላ።

"ዘመድኩን ሲደነግጥ ዕቃ የት ይደብቃል?"

"የራሱ አጥር ባለበት ቦታ።"

ማክሰኞ ጠዋት ቆሼ ደረሱ። እርሻው ሜዳ ላይ ነው፤ በርበሬው ቀልቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሙሀመድአወል ከመኪናው ሲወርድ ያን ስም ያጣለትን ሽታ አገኘው። መጋዘኑ በር ላይ ነበር።

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ የመጣው ሰው ሁሉ የጌታቸው እንግዳ ይመስላቸዋል።

"ጋሼ ዘመድኩን ትናንት መጥተው ነበር?"

"ጎህ ሲቀድ። ያቺን በርሜል መልሰው አመጡ። ቅዳሜ እቃ ሲጭኑ አብራ ተጭና ሄዳ ኖሮ፣ ያለሷ መርጨት አልቻልንም ነበር።"

በርሜሉ ሰማያዊ ነው፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ከስሩ ቧንቧ ያለው። መድሃኒቱን እዚያ በጥብጠው በቧንቧው ወደ መርጫው ይቀዳሉ። ከላይ ታጥቧል፤ ውስጡም ታጥቧል። ሙሀመድአወል መሀረቡን አፍንጫው ላይ እንዳሰረ ተንበረከከና የቧንቧውን አፍ በሽቦ ቆረቆረ። ሦስት የሎሚ ፍሬዎች መዳፉ ላይ ወደቁ።

መጋዘኑ ውስጥ የተባይ ማጥፊያው ጠርሙሶች በካርቶናቸው ተደርድረዋል። ከላይኛው ካርቶን አንድ ጠርሙስ ጎድሏል። ከባሂራ ፍራሽ ስር የተገኘው የእነዚህ ወንድም ነው።

"በርሜሏ ውስጥ ወይን ወይ አረቄ ገብቶ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀ ሙሀመድአወል፣ ዘመድኩን ዕቃውን ለየንላቸው ያለውን አስታውሶ።

ሽማግሌው በነገሩ ተገረሙ። "እዚች? መጠጥ ነክቷት አያውቅም።"

ሩቲን ጣቢያ አስጠሯት። ሻንጣዋን ይዛ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ልትሳፈር ስትል ነው ራምዚ ያገኛት። ጥፍሮቿን ቀይ ተቀብታለች፤ ጣቶቿ ግን ሎሚ በልቷቸው ቀልተዋል። ሙሀመድአወል ሦስቱን ፍሬዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ምንድን ናቸው?"

"የሎሚ ፍሬ። ቆሼ፣ ከሰማያዊው በርሜል ቧንቧ ውስጥ።"

ልጅቷ ፍሬዎቹን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ትከሻዋ ወደቀ።

"አክስቴ ናት ዕቃው ሁሉ መጠጥ የነካው ነው ያለችው። ሙስሊሞቹ ቢያውቁ ያፍሩብናል አለች። ጋሼ ዘመድኩን ደግሞ መጠጥ ነክቶት የማያውቅ አንድ በርሜል አለኝ ብሎ ከፒካፑ ላይ አወረደ። ቧንቧ ስላለው ደስ አለኝ። በውሃ አለቀለቅነው።"

"ከዚያ ሸተተሽ።"

"ቀመስኩትና ተፋሁት። ይደፋ አልኩ። ጋሼ ተቆጣ። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ ጂኑ ቀርቦ ለነሱ ምንም የለንም ልንላቸው ነው፣ ልታዋርጂኝ ነው አለ። ሎሚ ጨምሪበት፣ ሎሚ የማይገድለው ሽታ የለም አለ።"

"ምን እንደነበረበት ጠየቅሽው?"

"ጠየቅኩት። ውሃ ነው አለኝ። ዓይኑን አየሁትና..." ጣቶቿን ጨበጠች። "ሁለተኛ አልጠየቅኩም።"

"ሎሚውን ጨመርሽበት። ተሻለ?"

"ትንሽ።"

"በምን አወቅሽ? አንቺ ዳግመኛ አልቀመስሽውም።"

ሩቲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ሙሀመድአወል መልሱን ከሆስፒታል ጀምሮ እያወቀው መጥቷል፤ ከሁሉም ቀድማ የታመመችው ማን እንደሆነች ዶክተሯ ነግራዋለች። ቢሆንም ሌላ መልስ እንዲመጣ ተመኘ።

"ባሂራ ናት የቀመሰችው" አለች ሩቲ። "አክስቴ ጠራቻት። የናንተ ሰዎች የሚጠጡት ነው፣ አንቺ እይልን አለቻት። ሙሉ ብርጭቆ። ሦስታችንም ቆመን እናያት ነበር።"

"ስንት ደቂቃ?"

"እ?"

"ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ?"

"አስር" አለች። ከዚያ ፊቷን ሸፈነች። "አምስት። ምንም አልሆነችም። ቆማ ነበር። እንግዶቹ ገቡ፣ ጆጉን ያዢ አልናት።"

"ስትወድቅስ?"

"ወደ ክፍሏ ገባች። አክስቴ ደክሟት ነው አለች። ማታ ሁሉም ሲታመም እንውሰዳት ብዬ ነበር። ጋሼ፣ እሷን ካየ ሐኪሙ ይጠይቀናል አለ። ሐጂ ሞቱ ሲባል ነው ድስቱንም ጠርሙሱንም ያሰበው።"

ሙሀመድአወል ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ከጣቢያው ጀርባ፣ ከውሃ ጋኑ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አስመለሰ። ከትናንት ጀምሮ ምንም ስላልበላ የወጣው መራራ ውሃ ነው። ራምዚ ከኋላው መጥቶ ቆመ።

"ኢንስፔክተር፣ ሎሚ ላምጣልህ? ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው።"

ሙሀመድአወል በመሀረቡ አፉን ጠርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። "ውሃ" አለው። "ከዚያ መኪናውን አስነሳ።"

ዘመድኩን ሳሎኑ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ለሐጂ ሰይዶ ቤተሰብ ምን ይዞ ለልቅሶ እንደሚሄድ ይመካከር ነበር። ሃኒ ጥቁር ለብሳለች። ኢንስፔክተሩ ስለ በርሜሉ ሲናገር ዘመድኩን ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ፍሬዎቹን ሲያይ ግን ድምፁ ተለወጠ።

"ስህተት ነው፣ ወንድሜ። አጥበነው ነበር። እነሱን ለማክበር ብዬ የሰራሁት ስህተት ነው።"

"በርሜሉ ስህተት ይሁን" አለ ሙሀመድአወል። "ሲሸትዎት ለልጅቷ ማጠጣትዎስ? ፍራሿ ስር ያለው ጠርሙስስ?"

"እንግዳ በር ላይ ቆሞ ምን ላድርግ?" አለ ዘመድኩን፣ በእውነት መልስ እንደሚፈልግ ሰው። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ዘመድኩን ልማዱ ሆኖ እጁን ወደ ኢንስፔክተሩ ትከሻ ዘረጋ። ሙሀመድአወል በዚያው በተዘረጋው እጅ ላይ ካቴናውን አሰረበት። ሃኒን ራምዚ ይዟት ወጣ፤ ነጠላዋን አስተካክላ እስክትለብስ ድረስ ሁሉንም አስጠበቀች።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ሙሀመድአወል ሆስፒታል ደረሰ። በር ላይ ያለውን ፖሊስ አሰናበተው፤ የብርቱካን ፌስታሎቹን ጠራርጎ እንዲወስዳቸው አዘዘው። ባሂራ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ካቴናውን ሲፈታላት ብረቱ የቆየበትን አንጓዋን አየች፤ ለምን እንደታሰረች አልጠየቀችም። እንደሷ ዓይነት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ አልለመደም።

"እንግዶቹ ደህና ናቸው?" አለች።

ሊዋሻት ፈልጎ ነበር። "ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ሐጂ ሰይዶ አርፈዋል።"

ልጅቷ ኮርኒሱን እያየች ቆየች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"አይደለሽም። ማን እንደሆነ አውቀናል። ይዘናቸዋል።"

"ሸቶኝ ነበር። እየጠጣሁት ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። እትዬ ሃኒ፣ እንዴት ነው አለችኝ። ሦስቱም ያዩኛል። ያን ሁሉ የለፉበትን መጥፎ ነው ብል እንዴት ይሆናል፣ እኔ ማን ሆኜ? ጥሩ ነው አልኳቸው። መጥፎ ነው ብላቸው ኖሮ አይሰጧቸውም ነበር።"

ሙሀመድአወል ደብተሩን ከፍቶ ነበር። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቢሉት ኖሮም ይሰጡ ነበር ሊላት አስቦ እርግጠኛ መሆን አቃተው። ደብተሩን ዘጋው።

ከጎን ያለው አልጋ ተንቋቋ። ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ የነበሩት ሃሊማ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው አብጧል። ልጅቷን አዩዋት፤ ልጅቷ ግን ልታያቸው አልደፈረችም።

"እሱም ጥሩ ነው ነው ያለው" አሉ። "አራቴ።"

ጉሉኮስ የተሰካበትን እጃቸውን በሁለቱ አልጋዎች መካከል ዘረጉ። ቱቦው አጠረ፣ እጃቸው አልደረሰም። ሙሀመድአወል ተነሳና የልጅቷን አልጋ ገፍቶ አጠጋው።